ድስቱን አትንኪ

እማማ ብዙወርቅ ሆላንድ ውስጥ ካፔለ አን ደን አይሰል በሚባል ከተማ ካለው የሴት ልጃቸው ቤት ለቀው ዴን ሃግ ከተማ የገቡት የልጅ ልጃቸውን ለመጠበቅ ነበር። ወንዱ ልጃቸው ሚሊዮን ሮተርዳም ምግብ ቤት ያበስላል፤ ምራታቸው ተሻለች ደግሞ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ሁለቱም በፈረቃ ስለሚሠሩ ሕፃኗ ሩሐማ ከአያቷ ጋር ትውላለች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወጥ ቤቱ ገበያ ይመስል ነበር። እማማ ብዙወርቅ ድስቶቹን ወለሉ ላይ ይደረድራሉ፤ ሩሐማ በእንጨት ማንኪያ ትደበድባለች፤ እሳቸው ያጨበጭባሉ። የልብስ መቆንጠጫ በባዶ ጣሳ ጠርዝ ላይ ያስነክሷታል። ካልሲ ጠቅልለው ኳስ ይሠሩላታል። ይህን ያስተማራቸው የለም።

አንድ ቀን የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ። በሌላ ቀን በሩን አንኳኩቶ፣ ለአከራዩ ድርጅት አመለክታለሁ ብሎ ሄደ። ተሻለች ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ዕቃ አያስነኳት።»

«ልጅ እኮ ናት።»

«ቤቱ የራሳችን ቢሆን ደግ ነበር። ዝም ብላ ትቀመጥ።»

«የናንተ ካልሆነማ የእኔም አይደለ» አሉና ድስቶቹን ሰበሰቡ።

የተባሉትን የሚፈጽሙ ሴት ናቸው። ሩሐማ ወደ መሳቢያው እጇን በዘረጋች ቁጥር፣ ሳይቆጡም ሳይሰለቹም «አትንኪ» ይሏታል። እያደር ልጅቷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መቀመጥ ለመደች። ቤተ ክርስቲያን ስትወሰድ ቅዳሴው እስኪያልቅ ንቅንቅ አትልም።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ይላሉ ሴቶቹ። «የኛዎቹ ወንበሩን ሊበሉት ነው።»

«እኔ ልቅ ልጅ አልወድም» ትላለች ተሻለች። የልጅቷን አያት ስም አታነሣም።

የሕፃናት ጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ጨዋነቱን አልወደደችውም። የመጫወቻ ኩቦች አቀረበችላት፤ ሩሐማ አየቻቸው። አሻንጉሊት አቀረበችላት፤ አየቻት። ነርሷ ልጅቷ እንደ እኩዮቿ እንደማትጫወት ተናግራ፣ ቤት ድረስ መጥታ የምትረዳ ባለሙያ እንደምትልክ ለተሻለች ነገረቻት። ተሻለች በትራም ስትመለስ ልጇን ከጭኗ አላወረደችም። መንግሥት ልጅ ከእናት ይወስዳል የሚለውን ወሬ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ያልሰማ የለም። እውነት ይሁን ውሸት አታውቅም። ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ በእሷ እንዳይላከክ ብቻ ፈለገች።

ባለሙያዋ ረጅም፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። አንድም መጫወቻ አላመጣችም። «ቤት ያለው ይበቃል» ብላ ድስትና ማንኪያ፣ መቆንጠጫና ካልሲ አስመጣች። እማማ ብዙወርቅ ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው ሶፋው ጥግ ተቀምጠው፣ እሳቸው ያኔ ያደርጉ የነበረውን ሁሉ ሴትየዋ ተራ በተራ ስታደርገው አዩ። በመጨረሻ ምስር ጠይቃ ሳፋ ውስጥ ገለበጠችው፤ ሩሐማ እጇን እንድትነክርበት ነው።

«ኧረ እህል ነው» አሉ እማማ ብዙወርቅ። «ጡር አለው። ንገሪያት፣ ተሻለች።»

ተሻለች አልነገረቻትም። ሩሐማ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ወደ አያቷ ትመለከታለች፤ ፈቃድ እየጠበቀች ነው። ሴትየዋም ይህን አስተዋለች።

«እንዳትነካ የሚከለክላት ሰው አለ?» ስትል በሆላንድኛ ጠየቀች።

ተሻለች የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ትዝ አላት። ጫማዋን ሳታወልቅ የተናገረችውም ትዝ አላት። ጣቷን ወደ ሶፋው ጥግ ቀሰረች።

«ኦማ ዱት ሄት» አለች፤ አያቷ ናቸው ይህን የሚያደርጉት ማለቷ ነበር። «እኔ ሥራ ነው የምውለው።»

እማማ ብዙወርቅ ኦማ ማለት አያት መሆኑን ያውቃሉ። ስማቸው በመነሣቱ ፈገግ ብለው ለእንግዳዋ እጅ ነሡ።

ሴትየዋ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ሕፃናት መዋያ ብትገባ እንደሚሻል፣ አያቷም ቢያርፉ ጥሩ እንደሆነ መክራ ሄደች። እማማ ብዙወርቅ ተንበርክከው የፈሰሰውን ምስር በመዳፋቸው ይሰበስቡ ጀመር።

«ምን አለች?»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት አለች።»

«ታዲያ እኔን በጣትሽ ምን ልታሳዪ?»

«አያቷ ናቸው ብዬ ላስተዋውቅዎ ነው።»

«ስትገባ አስተዋውቀሽኝ የለም እንዴ?»

ተሻለች ሳፋውን አንሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

በሳምንቱ ሚሊዮን እናቱን ይዞ ወደ እህቱ ቤት ካፔለ ሄደ። «እስኪ እረፊ ትንሽ» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ሩሐማ መዋያ ገባች። የመዋያዋ አስተማሪ ልጅቷ ለምን እንዲህ ዝም እንደምትል ስትጠይቅ፣ ተሻለች የልጇን እጅ እንደያዘች «ኦማ ዱት ሄት» የሚለውን ያንኑ ቃል ደገመችላት። ለሥራ ጓደኞቿም እንዲሁ አለች። ሲደጋገም እሷም ወደ ማመኑ ተጠጋች። ካፔለ ሩቅ አይደለም፤ ባቡርና ሜትሮ ነው። እማማ ብዙወርቅ ግን አልመጡም፤ የጠራቸውም የለም።

ባለሙያዋ በፀደይ ተመልሳ መጣች። ተሻለች ድስቱንም መቆንጠጫውንም ምንጣፉ ላይ ቀድማ ዘርግታ ነበር። ሩሐማ ዕቃውን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆይታ የእንጨት ማንኪያውን አነሣች። በነጭ የወጥ ቤት ፎጣ ራሱን አከናንባ ሶፋው ጥግ አስደገፈችው። ራቅ ብላ ቆመችና ጣቷን ቀሰረችበት።

«ኦማ» አለች። «ኦማ ዱት ሄት።»

ከዚያ ማንኪያውን አቅፋ ወደ ደጁ ሄደች፤ በሩ እንዲከፈትላት ጠየቀች፤ ተሻለች ከፈተችላት። ማንኪያውን ከውጭ ግድግዳውን አስደግፋ፣ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ዘጋችና ወደ ምንጣፉ ተመለሰች።

የሴትየዋ ፊት በራ። «አየሽ? የማስመሰል ጨዋታ ጀመረች። ስንጠብቅ የነበረው ይህን ነው። ከማን ተማረችው?»

«እንጃ» አለች ተሻለች። «ከመዋያው ይሆናል።»

ሴትየዋ ስትወጣ ማንኪያውን ከደጃፉ አንሥታ በአክብሮት አቀበለቻት። ተሻለች ፎጣውን ፈታች፤ ማንኪያውን አጠበችውና መሳቢያው ውስጥ ከተተችው።