ንጣፉ እስኪደርቅ

እማዬ ከሆስፒታል የምትወጣው ቅዳሜ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ግቢያችን አሁንም አረንጓዴ ነው።

ዳሌዋን የሰበራት የድንጋይ ንጣፋችን ላይ የበቀለው አልጌ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ዋቅላሚ ብለን ሸምድደነዋል፤ ፈተና ላይ ይመጣል አሉን እንጂ ሰው ይጥላል ያለን አልነበረም። ከግቢው በር እስከ ደረጃው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እማዬን ስድስተኛው ላይ አንሸራተታት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ስድስተኛውን እዘለዋለሁ።

እህቴ ፋርማሲስት ናት፤ ስታወራ ራሱ ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ትዕዛዝ የምታነብ ይመስላል። ሰኞ ደወለች።

"ስማ፣ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ይዣት እመጣለሁ። ንጣፉን ራሴ በጫማዬ እሞክረዋለሁ። አንድ ቦታ ካንሸራተተኝ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት እወስዳታለሁ።"

"አንቺ ጋ አራተኛ ፎቅ ነው እኮ።"

"ሊፍት አለው።"

"ይሠራል?"

"ርዕስ አትቀይር።"

እማዬ ግን ልጠይቃት የሄድኩ ቀን እጄን ጨምድዳ ይዛ "ከቤቴ እንዳታስወጡኝ" ብላኛለች። "ማን ወንድ ነው የሚያስወጣሽ!" አልኳት፤ የሚያስፈራን ወንድ ሳይሆን እህቴ መሆኗን ረስቼ።

ስለዚህ አጠብኩ። እኛ ቤት ግቢ ጠዋት ጠዋት በጎማ ይታጠባል፤ እማዬ ያወጣችው ሕግ ነው። ደጁን ያላጠበ ጎረቤት ሰላምታዋን እንኳ በግማሽ ነው የሚያገኘው። እኔ ደግሞ በሙያዬ አራሚ ነኝ፤ የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው የምውለው፤ የተበላሸ ነገር እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። በቀን አንድ ጊዜ የነበረውን ሦስት አደረግሁት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ከምግብ በኋላ።

ረቡዕ ንጣፉ ወዝ አወጣ፤ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል። ጥፍሬን በልቼ ስጨርስ ከዓመታት በፊት ንጣፉን ያነጠፉትን ሰውዬ ፈልጌ አመጣኋቸው። ሠፈሩ "ውሃ ልክ" ይላቸዋል፤ ጠማማ ነገር ካዩ፣ የሰው ኮሌታም ቢሆን፣ ሳያቃኑ አያልፉም።

ገብተው አላጎነበሱም እንኳ። ጣሪያውን አዩ፤ ዛፉን አዩ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ጎማ አዩ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላጥበው ነው ጋሼ። ለዛሬ ሁለተኛዬ ነው።"

"በቀን ስንቴ ታጠጣዋለህ?"

"ማጠጣት ሳይሆን ማጠብ ነው።"

"ሰላጣ እንኳ በቀን ሦስቴ ቢያጠጡት ይበሰብሳል። ይሄ ግን እየመረቀህ ነው።"

ከዚያ አስረዱኝ፤ ሰደቡኝ ማለት ይቀላል። አልጌ የሚፈልገው እርጥበትና ጥላ ነው። ጥላውን ዛፉ፣ ጠብታውን የተበሳው አሸንዳ፣ ዋናውን ውሃ ደግሞ እኛ እያቀረብንለት በእንክብካቤ አሳድገነዋል። "እናትህን ንጣፌ አይደለም የጣላት" አሉ፤ "ጽዳታችሁ ነው።"

ጎማውን አስቀመጥኩት። ያን ጎማ ሠላሳ ዓመት ይዛ የኖረችው እማዬ ራሷ ናት።

ውሃ ልክ ቅርንጫፉን ቆረጡ፤ አሸንዳውን ደፈኑ። የሽቦ ብሩሽ ይዤ ስመጣ ነጠቁኝ፤ "ድንጋዩን ጭረህ ውሃ የሚያቁርበት ጎድጓዳ ልታበጅለት ነው?" በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ፈተግሁ። ጓንት አድርጌ፣ ሌላ ነገር ሳልቀላቅል፣ በውሃ የቀጠነ በረኪና አፈሰስኩበት። ሩብ ሰዓት ጠብቄ አንድ ጊዜ አለቀለቅሁት፤ ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ቦዩ ገፋሁ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የተሰገሰገውን በአሮጌ ቢላ ፋቅሁ።

"አሁንስ ጋሼ?"

"አሁን ተወው።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪደርቅ። ከደረቀም በኋላ ተወው። ቅጠል ሲረግፍበት ትጠርጋለህ።"

"ሌላ ምንም?"

"ጎማውን ደብቅ። ከራስህ።"

መተው! ሐሙስ ሰባት ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። ተንበርክኬ በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ጉንጬን አስጠጋሁበት። ጎረቤታችን በአጥር አይታ "ምነው፣ ድንጋዩን አተኮሰው?" አለችኝ። ዓርብ ደመና ሲያንዣብብ ጃንጥላ ዘርግቼ ስድስተኛው ላይ ቆምኩ። አልዘነበም። እኔ ግን ደመናው እስኪያልፍ አልገባሁም።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት መኪናው መጣ። እህቴ ወረደች፤ ባለታኮ ጫማ አድርጋለች፤ ሆን ብላ ነው። እስከ ደረጃው ሄደች፣ ተመለሰች፣ የሲጋራ ቁራጭ እንደሚያጠፋ ሰው ታኮዋን ድንጋዩ ላይ አሸች። ምንም። ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ይሁን ቅሬታ ዛሬም አልገባኝም።

"ደርቋል" አለች።

እማዬ በባለአራት እግር ምርኩዟ ተደግፋ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ንጣፉ ነዋ እማዬ።"

"አቧራ ለብሶ? ጠያቂ ሊመጣ ነው እኮ! በል፣ ጎማውን አምጣልኝ።"

እህቴ አየችኝ። እማዬን ፊት ለፊት እምቢ ብያት አላውቅም። ውሃ ጠፍቷል ልላት አፌን ከፈትኩ። ነገስ? ሰኞስ? እኔ ሥራ ስሄድ ውሃው ይመጣል፤ እሷም ጎማውን የደበቅሁበትን ታገኘዋለች።

"አልሰጥሽም እማዬ። የጣለሽ ውሃው ነው።"

"የቱ ውሃ?"

"የምናጥብበት። አረንጓዴውን እያጠጣን ያሳደግነው እኛው ነን። ሁላችንም።"

"ሁላችንም" ያልኩት ለማለዘብ ነበር፤ አልለዘበም። ምርኩዟን ጨምድዳ ያዘች። ወደ እህቴ ዞረች።

"አንቺ ጋ ወለሉ ይታጠባል?"

"በየቀኑ እማዬ፣ በሳሙና!" እህቴ ጥያቄው እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

እማዬ መኪናውን አየች፤ ደረቁን ግቢ አየች። ከዚያ ምርኩዟን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ጫን አለችው። አልተንሸራተተም። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ። እርምጃዋን ቆጠርኩ። ግቢው መሃል ስትደርስ ቆመች።

"ሻንጣዬን አውርጂ" አለቻት እህቴን። እኔን ግን ዞር ብላም አላየችኝ። "አንተ መጥረጊያ ያዝ። ያ ጥግ አልተጠረገም።"