ክራባት አስረው የሚሮጡት

ሆልት እየሮጠ የባላንጣውን ዩኒቨርሲቲ፣ የቴነንትን ጩኸት መጮኽ የጀመረው አሮጌውን የጥጥ መዳመጫ እንዳለፉ ነበር።

"ሁ-ዌ! ሁ-ዌ!"

ፒክአፑ ላይ የተጫኑት ልጆች ተንጫጩ። አንዱ የቢራ ጣሳውን ከመኪናው ብረት ጋር እያጋጨ አዳነቀው። የሆልት እህት አንስሊ ከሹፌሩ አጠገብ መስኮት ከፍታ ተቀምጣለች። ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ከፀሐዩ አልነበረም።

"ወንድምሽን ሰማሽው?" አላት ትሪፕ እየነዳ። "የሃርግሮቭን ኳስ ታቅፎ የእበቶቹን ጩኸት ይጮሃል! ደፋር ነው ባክሽ።"

ትሪፕ የተማሪዎቹ የወንድማማች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። አያቱም አባቱም በዚሁ ስም በዚሁ ማኅበር ስላለፉ፣ ሦስተኛው ለማለት ነው ትሪፕ የሚባለው። ሃርግሮቭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ከማዕረግ ይቆጠራል። እዚያ አንድ ሰው ሲተዋወቅህ ምን ትማራለህ አይልህም፤ የማን ልጅ ነህ ነው የሚልህ። በፉትቦል ጨዋታ ቀን ወንዶቹ ክራባት አስረው፣ ሴቶቹ የሠርግ የሚመስል ቀሚስ ለብሰው ከኦክ ዛፎቹ ሥር ድንኳን ይተክላሉ። የተጠበሰው ዶሮ በብር ሳህን ይቀርባል፤ ድንኳኑ ጣሪያ ላይ የብርጭቆ ፋኖስ የሚሰቅሉም አሉ። ጨዋታውን ራሱን ብዙ ሰው አያየውም።

ቴነንት በመኪና ሁለት ሰዓት ቢርቅ ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ስለተጀመረ ተማሪው ስታዲየም የሚገባው በጎማ ቦቲ ነው፤ ቅቅል ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ቅርፊቱን ፊቱ የተቀመጠው ሰው ኮሌታ ላይ ይጥላል፤ ቡድኑ ነጥብ ሲያስቆጥር ደግሞ ሰባ ሺህ ሰው ባንድ ላይ፣ ከብት ከግጦሽ በሚጠራበት ጩኸት ሁ-ዌ ይላል። ሃርግሮቮች እነሱን እበቶቹ ይሏቸዋል። እነሱ ሃርግሮቮችን ሙሽሮቹ ይሏቸዋል።

ማኅበሩ ግን በሁለቱም ግቢ አንድ ነው። አንድ መሐላ፣ አንድ የሚስጥር አጨባበጥ። በየዓመቱ ሁለቱ ከመጋጠማቸው በፊት ወንድማማቾቹ የጨዋታውን ኳስ እየተቀባበሉ በእግር ሮጠው ያደርሳሉ፤ ሃርግሮቮች ከግቢያቸው እስከ ቶምቢግቢ ወንዝ ድልድይ፣ ቴነንቶች ከድልድዩ እስከ ስታዲየሙ። ቴነንት ላይ ሩጫውን የሚጀምረው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው፤ የደከመው መኪና ላይ ይወጣል፣ የወጣው ይሰደባል፣ ያበቃል። ሃርግሮቭ ላይ የሚሮጡት በዚያ ዓመት የገቡት ብቻ ናቸው። ኮትና ክራባት አድርገው ይሮጣሉ። ድልድዩ ጋ ሳይደርሱም ውሃ አይቀምሱም። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፤ የሁሉም አያት እንዲህ ሮጧል ይባላል፣ በቃ።

ድሮ ጨዋታው የሚደረገው በብርድ ወቅት ነበር። ዘንድሮ ቴሌቪዥኑ እንዲመቸው ወደ መስከረም መጀመሪያ አመጡት። ሚሲሲፒ በዚያ ወቅት ከሙቀቱ የተነሣ አስፋልቱ ጫማ ይይዛል። ኮቱ ይውለቅ ያለ ግን አልነበረም፤ አንስሊን ጨምሮ።

አንስሊ ዘንድሮ "የቤቱ እህት" ናት። ማኅበሩ በየዓመቱ አንዲት ሴት ተማሪ መርጦ እንዲህ ይላታል፤ ሥራዋ ፎቶ ላይ መሀል መቆም ነው። ሆልት ማኅበሩ ውስጥ የገባው በሷ ነው። አባታቸው ሬይፎርድ የቴነንት ምሩቅ፣ ከብት አርቢ መሆኑን ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ለማንም አልተናገረችም። "መሬት አለን" ነበር የምትለው። ሰሚው ነጭ ምሰሶ የተደረደረበት ቤት ቢያስብ የሱ ጉዳይ ነው። አባቷን ወደ ኦክ ዛፎቹ አንድም ቀን አልጋበዘችውም።

አሁን ታናሽ ወንድሟ፣ በማኅበሩ ኮት፣ መንገድ ላይ የአባታቸውን የከብት ጥሪ ይጮሃል።

"ሁ-ዌ! ነይ ቀዮ! ነይ!"

"ኧረ ላሟን በስም ይጠራታል!" አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ አገር አናወጠ።

ሆልት የራሱን ተራ ጨርሶ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የነበረው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ትሪፕ "ማን ይደግማል?" ሲል፣ ሆልት መጀመሪያ እህቱን አየ፣ ከዚያ እጁን አወጣ።

ትሪፕ የመኪናውን ፍጥነት ቀንሶ በመስኮቱ አጮለቀ። "ስሚ፣ ደህና ነው ግን? እግሩ እየተወላገደ ነው።"

"ደህና ነው" አለች አንስሊ።

"እርግጠኛ ነሽ? ላስወጣው?"

"እኔን ለማናደድ ነው ባክህ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ካየኸው ይብስበታል። ዝም በለው።"

ትሪፕ ትከሻውን ሰበቀና ጥሩንባውን ነፋ። "አንተ እበት! ለከፈትከው አፍ ቅጣት ነው! እስከ ድልድዩ ያንተ ነው፣ ሰማህ?"

አዲስ ገቢዎች ለትልልቆቹ "እሺ ጌታዬ" ነው የሚሉት። ሆልት ዞር አለ። ዓይኑ ትሪፕን አልፎ የሆነ ቦታ ቆመ።

"እሺ አባዬ" አለ።

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ሊቀበለው ተዘጋጅቶ የነበረው ሯጭ ክራባቱን አላልቶ ተመልሶ ተቀመጠ። አንስሊም ሳቀች። ሆልት በዕለት ተዕለት ንግግሩ እንደዚያ ቀልዶ እንደማያውቅ ታውቃለች። ያን ሐሳብ ግን ጥግ ላይ አስቀመጠችውና መስኮቱን ዘጋችው።

ቴነንቶቹ ድልድዩ አፍ ላይ በቦቲና በቁምጣ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። አንድ ትልቅ የከብት ማጠጫ ገንዳ በበረዶ ሞልተው ቢራና ኮካ ነክረውበታል። ጩኸቱን ከሩቅ ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም፤ ከዚያ ፈነደቁ።

"ሙሽራው ሁ-ዌ አለ! አንድ ሙሽራ ልብ ገዛ!"

"ና ወንድሜ፣ ና! ቦቲ አለን፣ ቁጥርህ ስንት ነው?"

ከመሀላቸው ዋይሊ የሚባል ቁመተ ረጅም ልጅ ኳሱን ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ወጣ። ሆልት አጠገቡ ደረሰና አልቆመም። ወደ ድልድዩ መከላከያ ብረት ቀጥ ብሎ ሄደና ተጋጨ። ዋይሊ ኮሌታውን ጨብጦ ያዘው፤ ሌላ እጁን አንገቱ ላይ አሳረፈ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"ይሄ ልጅ ላቡ ነጥፏል፤ ሙቀት መትቶታል። ኧረ እየነደደ ነው! ገንዳውን! ጣሳዎቹን አውጡ!"

ጣሳዎቹን በክንዳቸው እየዛቁ መንገድ ላይ ዘረገፏቸው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ትሪፕ ከመኪናው እየወረደ። "ኳሱን ራሱ ነው የሚያስረክበው። ደንብ ነው። ሆልት፣ ኳሱን ስጠውና…"

ዋይሊ ኳሱን ከሆልት ክንድ ነጥቆ ሳያየው ወደ ሣሩ ወረወረው። "ይኸው ተረከብኩህ። እግሩን ያዝ አንተ! ምን ታፈጣለህ?"

ትሪፕ እግሩን ያዘ። ሆልትን ከነኮቱ፣ ከነክራባቱ በረዶው ውስጥ ነከሩት። ዋይሊ የክራባቱን ቋጠሮ በጥፍሩ ታገለ፤ እምቢ ሲለው የኦቾሎኒ ከረጢት በሚከፍትበት ቢላ ቆረጠው። ሁለት የቴነንት ልጆች ጭንቅላቱን ደግፈው "አለንልህ፣ አለንልህ" ይሉታል፤ ስሙን እንኳ አያውቁም። አንስሊ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ በነጭ ጫማዋ ቢራ ረግጣለች። አንዱ በረዶ በባልዲ እያመጣ "ዞር በይ እመቤቴ" አላት፣ በትሕትና። ዞር አለች።

አምቡላንሱ ሲመጣ የወረደችው ነርስ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ለወሬ ትዕግሥት የሌላት ሴት ነበረች። የሆልትን ዓይን እያየች ጠየቀች። "መቀባዠር የጀመረው የት ነው?"

ሃርግሮቮቹ እርስ በርስ ተያዩ። የማኅበሩ ነገር ከማኅበሩ አይወጣም።

"ልጆች፣ አልሰማችሁኝም? ለሐኪሙ የምነግረው እፈልጋለሁ።"

"አሁን… እዚህ ድልድዩ ጋ" አለ ትሪፕ።

"ከጥጥ መዳመጫው ጀምሮ ነው" አለች አንስሊ።

ነርሷ ቀና አለች። መዳመጫው የት እንዳለ ታውቃለች፤ የዚያው አገር ሰው ናት። "ከዚያ ጀምሮ እየቀባዠረ አስሮጣችሁት?"

ጥያቄው ለትሪፕ ነበር። ቴነንቶቹ ሁሉ ዞረው እሱን አዩት። ዋይሊ አፉን ጠርጎ "እናንተ ወንድም ነን ትላላችሁ?" አለው። ትሪፕ ወደ ዋይሊ አልዞረም። አንስሊን ብቻ አያት። ጠበቃት። የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አንስሊ ቀሚሷን ሰብስባ አምቡላንሱ ላይ ወጣች፤ በሩ ተዘጋ።

ሐኪሙ ገንዳው ነው ያተረፈው አለ። ኩላሊቱ ግን ተጎድቷል፤ ይድናል፣ ቀስ ብሎ። ሃርግሮቭ በማግስቱ የማኅበሩን ቤት አሸገ፤ ትሪፕ ከትምህርት ታገደ። ራሱን ለመከላከል አንድም ቃል አልተናገረም ተባለ። አንስሊ ይህን ስትሰማ፣ ባይናገርብኝ ብላ የተመኘችውን ሰው አሁን ለምን አይናገርም ብላ ተናደደችበት።

ሆልት ሙሉ በሙሉ ሲነቃ መጀመሪያ ያለው ይህን ነው፦ "ቤቱን አስዘጋሽው አሉ።"

"እኔ ሳልሆን ራሳቸው ናቸው ያስዘጉት።"

"አሳፈርሽኝ አንስሊ። ከሁሉ በፊት አፍሽን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። እንደዛ ሆኜ ቢያውቁ ኖሮ ያቆሙኝ ነበር። ትሪፕ ያቆመኝ ነበር።"

"ምንም አታስታውስም?"

"ክራባቴ አንቆኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሌላ የለም።"

አንስሊ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት አየች። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ይቻላል። ሆልት አያስታውስም፤ ትሪፕ አይናገርም፤ ከኋላ የነበሩት አልሰሙም። ይህን ሁሉ ማስላቷ ራሱ አስጠላት።

"ትሪፕ ጠይቆ ነበር" አለች። "ላስወጣው ወይ ብሎኝ ነበር። ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሆልት ከትራሱ ቀና ለማለት ሞከረ።

"ለምን?"

"እንደ አባዬ እየጮህክ ነበር። ላም ትጠራ ነበር። እነሱ ይስቁ ነበር። ዝም እንዲሉ ፈለግኩ።"

"አይ አንቺ" አለ ሆልት ቀስ ብሎ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አባዬ ውጪ ነው?"

"አዎ።"

"ለሱ እንዳትነግሪው። ለዩኒቨርሲቲው ዲን ትነግሪያለሽ፣ ትሪፕንም ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ለአባዬ ግን እንዳትነግሪው።"

ሬይፎርድ ኮሪደሩ ላይ፣ የሥራ ሱሪውን ለብሶ፣ የቴነንትን አርማ የያዘ ያረጀ ኮፍያ አድርጎ ተቀምጧል። አንድ ጊደር ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ለጎረቤት ትቶ ነው የመጣው፤ ስልኩን በየጊዜው ያያል። አንስሊን ሲያይ ተነሣ።

"እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ተናደደ።"

"ጥሩ። የሚናደድ ሰው ይድናል።"

"አባዬ፣ የትሪፕ እናት ደውለው ነበር። አሁን ሊጠይቁት እየመጡ ነው። ምግብ ይዘው።"

"ሴትዮዋ ጥሩ ናቸው ማለት ነው" አለ። አሰበ። የኮሪደሩን ጫፍ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኮፍያዬን መኪና ውስጥ ላስቀምጠው?"

አሽሙር አልነበረም። ልክ ጫማዬን በር ላይ ላውልቅ ወይ እንደሚል ሰው ነው የጠየቃት። አንስሊ ገባት። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልተጋበዘ ጠይቋት አያውቅም፤ የማያውቅ መስሏት ነበር።

"አታስቀምጥ" አለችው። ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ከፍ አለ። "አባዬ፣ አታውልቀው።"

እሱ ግን አውልቆ አጣጥፎ የኋላ ኪሱ ውስጥ ከቶት ነበር፤ በእጁም ፀጉሩን እያስተካከለ ነበር።