ልብስ ስተኩስ ያወራሁት

ቤቴን ያፈረሰው የገዛ አፌ ነው። ሌላ ማንንም አልወቅስም፤ ዶክተሯንም ብወቅሳት ትንሽ ነው።

ዶክተሯ የምሠራላት ሴትዮ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሴቶች መብት ታስተምራለች። ደግ ሰው ናት፤ «እትዬ አትበይኝ፣ እኩል ነን» ትለኛለች። እኩል ብንሆንም ሸሚዟን የምተኩሰው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ልብስ ስተኩስ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ «ለመጽሐፌ ነው፤ ስምሽን እቀይረዋለሁ» አለችኝ። እጄ ሥራ ከያዘ አፌ ልጓም የለውም። በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ ስለ ራሴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና ዘረገፍኩት። ልጄን በወለድኩ በሁለተኛው ወር ሞግዚት ሆኜ ሰው ቤት ገባሁ። የእነሱን ሕፃን እያጠባሁ የራሴን ጎረቤት ዘንድ በጡጦ አሳደግኩ። አሠሪዎቼ ቀያዮች ነበሩ፤ ጥቁረቴ የሚጋባ ይመስል ልጅቷን በነጭ ጨርቅ ሳልጠቀልል እንዳላቅፋት ያዝዙኝ ነበር። ወተቴን ግን አልተጠየፉትም። ይህን ስነግራት ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ዶክተሯ፣ «የትኛዋን ትወጂ ነበር?» አለችኝ።

ካውያውን አቆምኩና እውነቱን ነገርኳት። «የእነሱን። ቀኑን ሙሉ የማቅፈው እሷን ነበር። የእኔዋን የማገኛት ተኝታ ነው።» ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ተንፍሼው አላውቅም።

መጽሐፉ ታተመ። ስሜ ተቀይሯል፤ ነጩ ጨርቅ፣ ጡጦው፣ የጎረቤቴ አንድ ዓይና መሆን ግን እንዳለ ነው። በዚያው ዓመት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዶክተሯ ተማሪ ሆነች። ደስታዬን የምይዝበት ጠፍቶኝ ነበር። የእኔን ታሪክ የያዘውን ምዕራፍ ክፍል ውስጥ አነበቡት። ዶክተሯ ልጄን ታውቃታለች፤ ግን እኔን ምሳሌ ካደረገችኝ በኋላ የእሷ እናት መሆኔን የረሳችው ይመስለኛል።

ልጄ ቅዳሜ ከሰዓት መጣች። አልጮኸችም። መጽሐፉን አልጋው ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ተረድቼሻለሁ» አለች። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ድሃ ሴት ቤቷን ለማቆም እናትነቷን ትሸጣለች። ክፍል ውስጥም እንደዚህ ብዬ ተከራክሬልሻለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለስድብ መልስ አላጣም።

«እወድሻለሁ እኮ፣ የእኔ እናት» አልኳት።

«አውቃለሁ።» መጽሐፉን ገፋ አድርጋ፣ «ያቺ ልጅ የመጀመሪያ ጥርሷን መቼ አወጣች?» አለችኝ።

«በስድስት ወሯ፣ ከታች፣ በግራ በኩል።» ሳላስበው አመለጠኝ። ጣቴን እንዴት እንደነከሰችኝም ልጨምርላት ነበር።

«የእኔስ?»

አሰብኩ። ጎረቤቴ ሞታለች፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ልጄ ክርክሩንም ትምህርቱንም ትታ፣ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አንድ ወር መጥራት ምን ይከብዳል? ብዋሻት ታምነኝ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

«እሺ እማ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።