ከውስጥ የተንኳኳው በር

«ደግሞ አንኳኳች» አለች ኢኽላስ፣ መራራውን ቡና ከአፏ መልሳ።

ሴቶቹ ተያዩ። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። እናቷ ተፊዳ ከተቀበረች ወዲህ የሟች ባዶ ክፍል ከውስጥ ይንኳኳል፤ የሚሰማው ግን ለኢኽላስ ብቻ ነው።

«የእናቲቱ ጂን ወደ ልጅቱ ዞረ» ስትል አንዷ አንሾካሾከች። «ወንድሟ ኸለፍ ጂን የሚያወጣውን ሰውዬ አስጠርቶታል። ከአመሻሹ የዐስር ሶላት በኋላ ይመጣል አሉ።»

ኢኽላስ ሰውዬውንም ዱላውንም ታውቃለች።

ሁለቱን ትንንሽ ወንድሞቿን አባይ ከነጀልባቸው ሲበላቸው፣ ተፊዳ እህል ትታ ከውሃው ጋር ማውራት ያዘች። ታላቁ ልጇ ኸለፍ ሰውዬውን አመጣ። ጂኑ ይውጣ ተብሎ ተገረፈች። በኋላ ከግብፅዋ ቄና ከተማ የሥነ ልቦና ሐኪም መጣች፤ ሪሃም ትባላለች። ምንጣፉ ላይ አብራት ተቀመጠች። «ጂን የለም» አላለችም፤ «አብደሻል»ም አላለችም።

«ልጆቹ ምን ይሉሻል፣ ሐጃ?» ብቻ አለቻት።

ተፊዳ ያን ቀን አለቀሰች። ማታም የምስር ሾርባ ጠጣች። ኸለፍ ግን «ገመናችንን ለባዕድ አትዘርግፉ» ብሎ ሐኪሟን አባረረ፤ እናቱን ክፍል አስገብቶ ቆለፈና ቁልፉን ለእህቱ ለኢኽላስ ሰጣት።

አሁን ሪሃም ጥቁር ለብሳ ገባች። የመስጊዱን ኢማም ሼህ አብደሻፊን ይዛ ነው የመጣችው፤ እሳቸው ወንዶቹ ጋር ቀሩ።

«አላህ ይማራት። ሰብሩን ይስጥሽ» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጂን ነው ይሉኛል፣ ዶክተር።»

«አንቺስ?»

«እማ ናት።»

«ምን ፈልጋ ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። «ክፈቺልኝ ትላለች። ያን ቀን፣ በቀትር፣ አንኳኳች። ኸለፍ እንዳልከፍት አስምሎኝ ነበር። እንዳልሰማ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት። ስከፍት በሩ ሥር ወድቃ ነፍሷ ወጥታለች። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እንኳ አላልኳትም!»

ውጭ ደረጃው ላይ ዱላ ኳ፣ ኳ አለ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ኸለፍ በሩ ላይ ቆመ፤ ሰውዬው ከኋላው ነው።

«ተነሺ፣ ኢኽላስ። ለራስሽ ነው።»

ሼህ አብደሻፊ ግን ከወንዶቹ ዘንድ መጥተው በመሃል ገቡ። «ልጄ፣ ጂን እንዳለ እኔም አምናለሁ፤ ቁርዓን ላይ አለ። ሐዘንተኛን ደብድቡ የሚል ግን አላነበብኩም። ይህ ሰው እናትህን ስንቴ መታት? ዳነች?»

ኢኽላስ ተነሳች።

«ወንድም ጋሼ፣ እማ ያን ቀን ስታንኳኳ ሰምቻለሁ። ቁልፉን ይዤ ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። የሰጠኸኝ ግን አንተ ነህ።»

ሰውዬው ሴቶቹንና ሼሁን አየና ፊቱን አዞረ። ዱላው ኳ፣ ኳ እያለ ደረጃውን ወረደ።

ኸለፍ ግድግዳውን ታክኮ ተንሸራቶ፣ ወንድ በማይቀመጥበት በሴቶቹ መሃል ቁጭ አለ። ጥምጣሙን አወለቀ። አለቀሰ።

ኢኽላስ ከፊቱ ቆመች። ለመምታት ይሁን ለመዳበስ ራሷም ሳታውቀው እጇን አነሳች። ሐኪሟ አልያዘቻትም። እጇ አየር ላይ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ በተላጨው ራሱ ላይ አረፈ፣ እዚያው ቀረ።