ባለካባ ስንት ናቸው?

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠራዡ ሙጫው ከጣቱ ሳይለቅ ወደ አራሚው ክፍል ይወጣል። አራት ዓመት ሙሉ የሁለቱ ወሬ አንድ ነው፤ ባለካባ። ባለካባ እዚያው ማተሚያ ቤት በቅጽ በቅጽ በሚታተም የምናብ ልብወለድ ውስጥ ያሉ ፍጡር ናቸው። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ብቅ ይላሉ፣ መንገድ የጠፋበትን ሰው ቤቱ ያደርሱና ይሰወራሉ፤ ፊታቸውን ያየ የለም። የደራሲውንም ፊት ያየ የለም፤ በብዕር ስም ነው የሚጽፈው። ረቂቁ በአራሚው እጅ ይመጣል፣ በቃ።

"ሞት ናቸው እያልኩህ!" ይላል አራሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። "ደራሲው 'መጡ፣ ሄዱ' እያለ የሚያከብራቸው ለምን ይመስልሃል? ሞትን አንተ የሚል ደፋር አለ?"

"ሞት ሰውን ቤቱ ያደርሳል እንዴ ጋሼ?"

"ያደርሳል እንጂ! የመጨረሻው ቤቱ ነዋ።"

የማሽን ሠራተኛው በበሩ ሲያልፍ አንገቱን ያሰግጋል። "ዛሬስ ምን ሆኑ፣ ጂኒ ወይስ መልአክ? እናንተ ሰዎች የራሳችሁ ጉዳይ የላችሁም?"

ጠራዡ እውነትም ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። እናቱ ከሞተች ወዲህ ከአክስቱ ጋር ይኖራል፤ ጓደኛ የሚለው ሰው ቢኖር ይህ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አራሚ ነው። ሥራ የገባ ሰሞን "እርስዎ" ሲለው "ተው አታስረጀኝ፣ አንተ በለኝ" ያለውን ቀን እንደ ሹመት ነበር የቆጠረው።

ከጥቂት ወራት በፊት ታዲያ፣ ወረቀት ሲያጥፍ ድንገት ነገሩ በራለትና ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

"ጋሼ! በሦስተኛው ቅጽ ካባው መሬት ይጠርጋል፤ በአምስተኛው ጉልበት ላይ ቀርቷል። ካባ አይሟሽሽም፣ ሰው ነው የሚለዋወጠው! 'መጡ' የተባለው ለክብር አይደለም፣ ለብዛት ነው። ባለካባ በአንድ ካባ የሚፈራረቁ ሦስት ሰዎች ናቸው!"

አራሚው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። "ይህን ከየት አመጣኸው?"

ጠራዡ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ። በልጅነቱ እናቱና ሁለት እህቶቿ የነበራቸው አንድ ጥቁር ካፖርት ነው። አንዷ ለብሳ ስትወጣ ሁለቱ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። ለረጅሟ አክስቱ ያጥራል፣ ለእናቱ ይጎተታል። የወደቀው ሦስተኛ ቁልፍ በሌላ ተተክቶ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ጎረቤቱ እዚያ ቤት አንዲት ሴት ብቻ የምትኖር ይመስለው ነበር። እናቱ ጣቷን ቀስራ "ገመናችን ያለው እዚህ ካፖርት ውስጥ ነው፤ እንዳትገልጠው" ብላዋለች።

"ሆዴ ጉድጓድ ነው" አለ አራሚው። "እዚያ የወደቀ አይወጣም።"

ሐሙስ ዕለት የስምንተኛውና የመጨረሻው ቅጽ ወረቀቶች ታትመው ለጥረዛ ወረዱ። ጠራዡ አላስቻለውም፤ መጨረሻውን ገለጠ። ካባው ወለል ላይ ወድቋል። ሦስት እህትማማቾች ቆመዋል። ሦስተኛው ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል። "ገመናችን ያለው እዚህ ካባ ውስጥ ነው" ትላለች ታናሿ።

ክው አለ። የእናቱ ቃል እፊቱ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ እሱ አጥፎ፣ ሰፍቶ፣ አለባብሶ ሊያወጣው።

ወረቀቱን ይዞ ወደ አራሚው ክፍል ወጣ። "ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"ታዲያ ደራሲው በምን አወቀ?"

አራሚው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። "ደራሲው እኔ ነኝ" አለ።

"አራት ዓመት ስትከራከረኝ?"

"እኔስ መች አውቄ! ባለካባ ምን እንደሆኑ ራሴም አላውቅም ነበር። የካባውም ቁመት የተለያየው ረስቼው ነው፤ የሰው ስህተት ስለቅም የራሴ አመለጠኝ። አንተ አዳንከኝ። ደስ ይልሃል ብዬ እኮ… ስምህን ምስጋናው ላይ አስገብቼዋለሁ።"

"እናቴንስ? እሷን ማን ጠየቃት?"

አራሚው እርሳሱን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

"እናንተን አምኜ ነበር" አለ ጠራዡ።

"ደግሞ እናንተ ምን አመጣው? አንተ ተባብለን የለም እንዴ?"

"ለክብር አይደለም። ለካ ሁለት ናችሁ። አንዳችሁ አብሮኝ ይበላል፣ አንዳችሁ ይጽፋል።"

ከሥራ ሲወጣ አንድ ቅጂ ቦርሳው ውስጥ ነበር። አክስቱ፣ ከሦስቱ የቀረችው ረጅሟ፣ ዓይኗ ስለደከመ እያንዳንዱን ቅጽ ያነበበላት እሱ ነው። በሩን ሳይዘጋ ጀመረችው።

"መጣ? በል አንብብልኝ፣ ሰባት ቅጽ ሙሉ አንጠልጥለውኝ!"

"ይህኛው እንኳ ገጹ ተበላሽቶ ነው የታተመው፣ እቴቴ። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ልንገርሽ።"

"እሺ፣ ባለካባ ማን ሆነው ተገኙ?"

ከበሩ ጀርባ ካፖርቱ ዛሬም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ቦርሳውን ወደ አልጋው ሥር በእግሩ ገፋው።

"አንድ ሽማግሌ ሆኑ።"

"አንድ? ብቻቸውን?"

"ብቻቸውን።"

አክስቱ ከንፈሯን መጠጠች። "ምስኪን። እኔስ ሰው ያላቸው መስሎኝ ነበር።"