ሞቷል ያልኩት መስመር

አምፖል ሊያይ የሚሄድ ኤሌክትሪሺያን እጁን በሳሙና ሲታጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ታጠብኩ። ፀጉሬንም አበጠርኩ። አለቃዬ ከመሣሪያ ክፍሉ ጥግ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። ሳቅ ብዬ መሰላሌን አነሳሁ።

ፈርቼ ነበር። የምንሠራበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት የጠራችኝ። ባለፈው ሳምንትም «አምፖል ተቃጠለብኝ» ብላ እኔኑ ለይታ አስጠርታኝ ነበር። ወጥቼ ሳየው አምፖሉ ላልቶ እንጂ አልተቃጠለም። አምፖል ደግሞ እጅ የለው፣ ራሱን አይፈታ! ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። አጠበቅኩት፣ ሳቀች፣ ሳቅሁ፣ ወረድኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ለባለቤቴማ ጭራሽ። ከመጋባታችን በፊት ዓይኔ አያርፍም ነበር። ይቅር ማለት ሲሰለቻት፣ «ከእንግዲህ አንድ ነገር ብሰማ ሻንጣዬን ነው የማነሳው። አልጮህም፣ አልጣላህም፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። እሷ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሰው ናት። እሷን ማጣት ስንት ሌሊት በሕልሜ አስጩሆኛል።

ታዲያ እኔ ጉደኛው እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «ያ የድሮ ምኞቴ በውስጤ ሞቷል!» ብዬ መሰከርኩ። «አሜን!» ሲባል ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ከፊት ተቀምጣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ነበር። እንባዋን አይቼ ደስ አለኝ።

በእኛ ሙያ «ሞቷል» የምትባል ቃል አለች። ከመስመር ላይ ኃይል ሲጠፋ አንዱ «ሞቷል» ይላል፣ ሌላው እጁን ይሰዳል። አለቃዬ ይህችን ቃል እንደ እባብ ነው የሚፈሯት። «ሞቷል» ባልናቸው ቁጥር «ይፈተሽ!» ይሉናል። ራሳቸው ያጠፉትን እንኳ «ይፈተሽ!» ነው። የወጣላቸው ስም ከተረሳ ቆይቷል፤ ሕንፃው በሙሉ የሚጠራቸው ጋሽ ይፈተሽ እያለ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ የመብራት ማከፋፈያ ሳጥኑን ከፈትኩና ኃይል የሚያቋርጠውን ብሬከር አወረድኩት። ልብስ ሰፊዋ ጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት፣ «ኧረ መብራት!» ብሎ ጮኸ። ጆሮዬ ሰማ፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ስገባ ሱቁ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ከኋላዬ ሄዳ በሩን ቆለፈችው። «ደንበኛ እንዳይረብሽህ ብዬ ነው» አለች። የጨለመው ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የልብስ መለኪያ ክፍል ነው፤ መስኮት እንኳ የለውም። የብረት መሰላሌን ዘርግቼ፣ አንዱን ደረጃ ረግጬ ቆም፣ ሌላውን ረግጬ ቆም እያልኩ ወጣሁ።

«ይኼ ሁሉ ጎረምሳ ምን ያስፈራዋል? በል ልያዝልህ» ብላ መሰላሉን ያዘች። ትንሽ ቆይቶ እጇ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አረፈ። አላነሳችውም። እኔም አንሺው አላልኳት።

በውስጤ «ሞቷል፣ ሞቷል፣ እሑድ መስክሬያለሁ እኮ» እያልኩ እደጋግማለሁ፤ ልቤ ግን ደረቴን ይደልቀዋል። እላይ መቆየቱን ፈራሁ። መውረዱን ደግሞ የባሰ ፈራሁት፤ እታች ያለችው እሷ ናት። አምፖሉን ፈትቼ አወጣሁት። መያዣው ውስጥ ያለችው የብረት ምላስ ተጨፍልቃለች። በጣቴ ላቃናት እጄን ዘረጋሁ።

«አጥፍተኸዋል አይደል?» አለችኝ ከታች።

«ሞቷል» አልኳት።

ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ጣቴ ባለበት ቀጥ አለ። ድምፅ ሰማሁ ብዬ አልዋሽም። ግን በውስጤ ቁልጭ ብሎ፣ «ይፈተሽ» አለኝ። ቃሉ የጋሽ ይፈተሽ ነው፤ የተናገረኝ ግን ሌላ ነው። ማን እንደሆነ አላጣሁትም።

የኃይል መፈተሻ ቴስተሩን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ምላሷን ነካሁ። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች።

ወይኔ! ለካ የእሷን ትቼ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ነው ያጠፋሁት። ክፍሉ የጨለመው እሷ አምፖሉን ስላላላችው ነው፤ እኔ ደግሞ ጨለማውን አይቼ ሞቷል አልኩ። ያ ላብ ያጠመቀው ጣቴ ትንሽ ገፋ ቢል ኖሮ፣ እኔም እግሬን የያዘችውም አልቆልን ነበር።

ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሞት ጋር እንዲህ ተያይቼም፣ እግሬ ላይ ያለው እጅ እንዲነሳ አልፈለግኩም። «ጌታዬ፣ አልሞተም» አልኩ በሆዴ። «ዋሽቻለሁ። እኔ አልችልም፣ አንተ አውርደኝ።» እግሬ እንዴት እንደታዘዘኝ አላውቅም፤ ወረድኩ።

«በሩን ክፈቺልኝ» አልኳት።

«ምን ነካህ? አልበላህም!» ብላ ሳቀች። «እኔን ፈርተህ ነው?»

«ራሴን ነው የፈራሁት። እባክሽ ክፈቺ።»

ሳቋ ጠፋ፤ ከፈተችልኝ። መሰላሌንም ቦርሳዬንም ትቼ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ብሬከር መልሼ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጋሽ ይፈተሽን፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እሷ ጋ እርስዎ ይሂዱልኝ፤ እኔን አይላኩኝ» አልኳቸው። የተበጠረ ፀጉሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ቴስተራቸውን ይዘው ወጡ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ልብስ ትተኩሳለች። ከመሰላሉ በላይ የፈራሁት እዚህ ነው። ብደብቃት ማን ያውቃል? አዎ፣ ማንም አያውቅም። ያው የመለኪያ ክፍሉ ጨለማ ነው እንግዲህ።

«እሑድ የተናገርኩት ውሸት ነው» አልኳት። «አልሞተም።» ሁሉንም ነገርኳት፤ እጅ መታጠቤን ሳይቀር። ካውያዋን ከሶኬት ነቀለች።

«ነካሃት?»

«አልነካኋትም።»

«ፈልገህ ነበር?»

«አዎ።»

ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ሻንጣው የሚቀመጠው እዚያ ነው። አለቀልኝ ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስትመለስ በእጇ የያዘችው ፎጣ ነው። ላቤን እንድጠርግበት ወረወረችልኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ተናዳለች።

«እሑድ ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ መሰለህ?» አለችኝ። «ፈርቼ ነው! ይቺን ቃል ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ሰው የሚገድለው ሞቷል የተባለው መስመር ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ሞቷል ስትል እጅህን ልትሰድ ነው ብዬ ነው ያለቀስኩት። ደግሞስ ሞቶ ቢሆን መንፈስ ቅዱስ አንተ ውስጥ ምን ይሠራል? ሬሳ ሊጠብቅ ነው?»

ማታውን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። ጠዋት ግን ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ሞቷል?» አለችኝ።

«አልሞተም» አልኳት።

«እንግዲያው ይፈተሽ» ብላ እጄን ያዘችኝና እዚያው ደፉ ላይ ቆመን ጸለይን።