ተልባ ላይ የተቀመጠው አስተርጓሚ

ውቤ የመርከብ ሥራውን ትቶ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲገባ ዘመድ አዝማድ የጠበቀው ወፍራም ሻንጣ ነበር። ይዞ የመጣው ግን ዕቃ ብቻ ሆነ፤ የሲዲ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ ወገብ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች፣ ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ለምን እንደሚጠቅሙ ማንም ያልገባው ሁለት ጥቋቁር ሣጥኖች። ሰንበትበት ብሎ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሬዲዮ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ስለ ጥቋቁሮቹ ሣጥኖች ሳይሰማ አይወጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዲው ላይ ድምፅ የለም፤ ቁጥር ነው የተጻፈበት። ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሣጥኑ ነው። ውቤ "ኮንቨርተር" ይለዋል፤ ሚስቱ ብርቄ ደግሞ "አስተርጓሚው"። አንደኛውን ሮተርዳም ወደብ ላይ ገዝቶታል። ሁለተኛውን በመርከቡ የሬዲዮ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች ወደብ ወርደው ሲጠጡ፣ በገዛ እጁ ሠርቶታል። ነፍሱ ያለችው በዚህኛው ላይ ነው።

"አንዱ ከተረጎመ ሌላው ለምንህ ነው?" አለችው ብርቄ ገና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ።

"አንድ ዓይነት አይደለማ የሚተረጉሙት።"

"እኔ አንድ ዓይነት ነው የሚሰማኝ።"

"ጆሮሽ አልሠለጠነም።"

"ካንተ ጋር ስንት ዓመት ኖሮ ያልሠለጠነ ጆሮ ከእንግዲህ መቼ ይሠለጥናል!"

ውቤ የሚሠራው በዘዴ ነው። አንድ ነገር ሲለውጥ ሌላውን አይነካም፤ የለወጠውን ሰምቶ ሳይፈርድ ወደሚቀጥለው አያልፍም። መጀመሪያ የተጣላው ከመብራቱ ጋር ነበር። በሰፈሩ መብራት የሚባለው ከጎረቤቱ ከሞላ ወፍጮ ቤት ሞተር የሚመጣው ነው። ጤፍ ሲፈጭ ደህና ነው፤ ባቄላ ሲገባ ሞተሩ ያቃስታል፣ አምፖሉ ይቀላል፣ ዘፋኙም ያቃስታል። ውቤ ቤቱ ተቀምጦ "አሁን ባቄላ ገባ" ይላል፤ አይሳሳትም። ስለዚህ የእጅ ሥራውን ሣጥን ከወፍጮው መብራት ነጥሎ ከሞላ በተዋሰው የመኪና ባትሪ አሠራው። የድምፁ ጀርባ ጸጥ አለ፤ ቢያንስ ለእሱ።

ቀጥሎ የተጣላው ከመሬቱ ጋር ነው። ወፍጮው ሲመታ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ድምፁን ያሻክረዋል ባይ ነው። ሣጥኑን አሸዋ ላይ አስቀመጠው፤ ድምፁ ደረቀበት። ጭድ ላይ አስቀመጠው፤ ልል ሆነበት። ኑግ ሞከረ። በመጨረሻ ብርቄ ለዐቢይ ጾም ያዘጋጀችውን ተልባ ከነጆንያው አንጋሎ ሣጥኑን አናቱ ላይ ሲያስቀምጠው ፊቱ በራ።

"ተልባ! ተልባ ነው መድኃኒቱ። የድምፁን ጠርዝ አለዘበው እኮ!"

"ጾሙ ሲገባ ጠርዙን በምን ልታለዝበው ነው? ተልባዬን ነው የምፈልገው።"

"ጾሙ ገና ነው።"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጥጋቡ አንድ ቀን ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ብቅ አለ። ወሬው ደርሶታል።

"ጓድ ውቤ፣ ይህ ዕቃ ያስተላልፋል ወይስ ይቀበላል?"

"ይተረጉማል።"

"ለማን?"

"ለጆሮ።"

"ምኑን?"

"ቁጥር።"

"የማንን ቁጥር?"

ውቤ ከማስረዳት ከፍቶ ማሰማት ይቀላል ብሎ ከፈተለት። ጥጋቡ ቆቡን አውልቆ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ "ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ይጎድለዋል" ብሎ ወጣ። ውቤን ያናደዱት ታጣቂዎቹ አልነበሩም፤ ይህች አስተያየት ነበረች።

ይህ ሁሉ ልፋት ግን ለጥጋቡም ለብርቄም አልነበረም። ለአንድ ሰው ነበር። ውቤ በልጅነቱ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ዜማ ተምሯል። መምህሩ የኔታ ገብረ ሕይወት ሲያዜሙ ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ ይሄዳል፤ ዜማው ሲነሣ ጣቱ ይነሣል፣ ሲረግጥ ይረግጣል። ውቤ ይህን ቶሎ ደረሰበት። ዓይኑን ከጣታቸው ሳይነቅል ያዜማል፤ ጓደኞቹ ሁሉ ይቀኑበታል። የኔታ አንድ ቀን ምን እንደጠረጠሩ እንጃ፣ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተቱት። ውቤ መሐል መንገድ ላይ እንደ ጠፋች ጥጃ ቆመ።

"ይህ ልጅ የሚሰማው በዓይኑ ነው" አሉ የኔታ። "ጆሮውስ ለጉትቻም አይሆን።"

ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ውቤ ሳምንት ሳይሞላ ጠፋ፤ በየዘመዱ ቤት እየሠራ፣ ትምህርት ቤት እየገባ እየወጣ፣ መጨረሻ ላይ አሰብ ደርሶ መርከብ ላይ ወጣ። እዚያ በማዕበልና በጩኸት መሐል የጠፋ ድምፅ ለቅሞ ማውጣት ሥራው ሆነ። ካፒቴኑ "የውቤ ጆሮ" ብሎ ይምል ነበር። ግን የካፒቴን ምስክርነት ለውቤ አይቆጠርም። የሚቆጠረው የኔታ ናቸው። እኒህ ሰው ሳይሞቱ "ጆሮ አለህ" እንዲሉት ይፈልጋል፤ ሌላ የሚፈልገው የለም።

እንግዲህ በጥር የኔታ ለደብሩ በዓል ተጋብዘው ከቤተ ልሔም እንደሚመጡ ተሰማ። ውቤ አሰበበት። ሁለቱን ሣጥኖች አፈራርቆ ያሰማቸዋል። እሳቸው ልዩነቱን ይሰማሉ፤ የማይሰሙ ከሆነ ማን ሊሰማ ነው? "የትኛው ነው ያንተ ሥራ?" ይሉታል። ያሳያቸዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ያበቃል።

አስቀድሞ ብርቄን ፈተናት። ዓይኗን በገዛ ነጠላዋ አስሮ አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ፣ አፈራረቀ። ብርቄ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። "ይኼ ያንተ ነው። ይኼኛው የፈረንጁ። አሁን ደግሞ ያንተ።"

ውቤ ሊያቅፋት ደረሰ። "አላልኩሽም? ጆሮሽ ሠለጠነ! ምኑን ሰምተሽ ነው የለየሽው? ጠርዙን?"

"የምን ጠርዝ?" ነጠላዋን ፈታች። "ያንተን ስትከፍት ትንፋሽህን ትይዛለህ። የፈረንጁን ስትከፍት እንደ ሰው ትተነፍሳለህ።"

ውቤ ተልባው ላይ ቁጭ አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ አንድ ነገር ይማር ነበር። ውቤ የተማረው ግን ፈተናው መጋረጃ እንደሚያስፈልገው ነው። ዕቃዎቹን ሁሉ ከአልጋው መጋረጃ ኋላ አዛወረ። የኔታ ሲመጡ የአምፕሊፋየሩን መምረጫ የምታዞረው ብርቄ ትሆናለች፤ የትኛውን አስቀድማ እንደምትከፍት ለእሱም አትነግረውም። እንዲህ ከሆነ ትንፋሹ ምንም ሊያሳብቅ አይችልም።

በበዓሉ ማግሥት የኔታ መጡ። አርጅተዋል፤ መቋሚያቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚገባው። ውቤ ጉልበታቸውን ስሞ ወንበር ሰጣቸው።

"ጠፍተህ ጠፍተህ ነጋዴ ሆንክ አሉ።"

"ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፣ የኔታ።"

"እሱም ደህና ነው። ይኸ ቁጥር የሚያዜመው ዕቃህ የታለ?"

ውቤ ሲዲውን አውጥቶ አሳያቸው። ፊታቸውን አዩበት፤ ጢማቸውን አስተካከሉበት።

"እዚህ ላይ ድምፅ የለም፣ የኔታ፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሣጥኑ ነው ቁጥሩን አይቶ ድምፅ የሚያወጣው።"

"ታዲያ ምን ይገርማል? ድጓው ላይስ ድምፅ አለ እንዴ? ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ ተጽፎበታል። ምልክቱን አይቶ የሚጮኸው መሪጌታው ነው። ደግሞም አንዱን ምልክት እኛ የቤተ ልሔሞቹ አንድ ብለን እንጮኸዋለን፣ የአጫብር ዜማ ሰዎች ሌላ ብለው ይጮኹታል።" መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ሣጥኖችህ ሁለት ናቸው አሉ፤ የቤተ ልሔሙ የትኛው ነው?"

ውቤ ባሕር ላይ በኖረበት ዘመን ሁሉ ኮንቨርተርን እንዲህ ቶሎ የተረዳ ሰው አላጋጠመውም።

"እሱን እርስዎ እንዲፈርዱ ነው" አለ።

ብርቄ ከመጋረጃው ኋላ ከፈተች። የፈረንጅ መነኮሳት ዝማሬ ነው፤ ውቤ ሆን ብሎ ለእሳቸው የመረጠው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ብርቄ አዞረች፤ ሁለተኛውን ሰሙ። ሞላ በውቤ ልመና ባቄላውን ለከሰዓት አቆይቶታል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል።

"ጠግበው ነው የሚያዜሙት" አሉ የኔታ ሲያበቃ። "ከጾመ ሆድ እንዲህ ያለ ድምፅ አይወጣም።"

"ከሁለቱስ፣ የኔታ? ይፍረዱ።"

"ፈራጁማ አንተ ነህ። ሠሪው ይፈተናል እንጂ እንግዳ ይፈተናል? ቁጭ በል። ብርቄ፣ በነጠላ እሰሪው።"

"መጋረጃ አለ እኮ፣ የኔታ።"

"ዓይኑን አላምነውም።"

ብርቄ ካለፈው ቂሟ ጋር አጥብቃ አሰረችው። ጨለማ ውስጥ የኔታ ከወንበራቸው ሲነሡ፣ መጋረጃው ሲገለጥ፣ የሆነ ነገር በሹክሹክታ ሲባል ሰማ። ዝማሬው ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ፣ መምረጫው ሲዞር እንደሚለው፣ ቀጭ አለ። ዝማሬው ቀጠለ። ደግሞ ቀጭ።

"እህስ?" አሉ የኔታ። "ያንተ መቼ መጣ?"

ውቤ ወደ መጋረጃው ዘንበል አለ። መልሱ አፉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀጭታ ወደ እጅ ሥራው፣ ሁለተኛው ወደ ፈረንጁ፤ ይህን በግምት ማለት ይበቃል፣ ነገሩም ያበቃል። ግን የሚሰማውን እያዳመጠ ሲፈልግ ልዩነቱን አጣው። ጠርዙን ፈለገው፤ የለም። ጀርባውን ፈለገው፤ ያው ነው። ያለው ቀጭታ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጋቢ ውስጥ የገባችው ጣት ትዝ አለችውና ፊቱ በነጠላው ሥር ጋለ።

"የኔታ" አለ፣ "መምረጫው ሲዞር ሰምቻለሁ። የድምፅ ልዩነት ግን አልሰማሁም።"

ብርቄ ከመጋረጃው ኋላ ሳል ያዛት።

"ሌላስ ምን ሰማህ?"

"ከመነኮሳቱ አንዱ... ከሌሎቹ አስቀድሞ ይተነፍሳል። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ድምፁ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ደግሞ ይሸፍኑለታል።"

"ወፍራሙ?"

"መቼም ወፍራም ነው የሚመስለው።"

የኔታ ሳቁ። ሳቃቸው አርጅቷል እንጂ ያው ነው። "እኔም ከመጀመሪያው እሱን ነው የያዝኩት። ነጠላውን ፍታው!"

ነጠላው ሲፈታ መጋረጃው ተገልጧል። ብርቄ አልጋው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የኔታ መቁጠሪያቸውን በባትሪው ጎን ላይ መታ አደረጉት። ቀጭ አለ።

"መምረጫውን ማንም አልነካውም" አሉ። "አንዱን ብቻ ነው የሰማኸው። አሁን ጆሮ አብቅለሃል። ዘግይቷል፤ ግን በቅሏል። ጾሙ ሲገባ ና፤ ከጠፋህባት ቦታ እንቀጥላለን።"

ውቤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ቶሎም አልተነሣም።

"ይውሰዱት የኔታ" አለች ብርቄ። "ሣጥኖቹንም ጨምረው።"

በማግሥቱ ጧት ውቤ በቅሎዋን ይዞ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኛቸው። እንደ ላባ ቀሎታል። ሣጥኖቹን ሊተዋቸው፣ ባትሪውን ለሞላ ሊመልስ፣ ከእንግዲህ ማጫወቻው ራሱ በሚተረጉመው ብቻ ሊሰማ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። የኔታ ሊለዩት ሲሉ ከበቅሎዋ ላይ ዘንበል አሉ።

"ውቤ፣ ትናንት መጀመሪያ የተከፈተው ግን ትንሽ ይሻል ነበር።"

"ምን አሉ?"

በቅሎዋ ሄደች። የኔታ ወደ ኋላ አላዩም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ከበቅሎዋ ይሁን ከሳቅ አልታወቀም።

ውቤ ቤቱ የገባው እየሮጠ ነው።

"ብርቄ! ትናንት ለየኔታ መጀመሪያ የከፈትሽው የትኛውን ነበር?"

ብርቄ ሰፌዷን አንሥታ ወደ መጋረጃው አየች። "ተልባዬ መጀመሪያ ይምጣ።"

ውቤ ሳያቅማማ የእጅ ሥራውን አንሥቶ መሬት ላይ አኖረው፤ ጆንያውን ተሸክሞ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። ብርቄ ፈታችው፣ አንድ እፍኝ ዘገነች፣ እፍ ብላ አየችው። የሣጥኑ አራት እግሮች ጎድጎድ አድርገውት ነበር እንጂ ተልባው ደህና ነው።

"እህስ? የትኛው ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች በሰፌዱ እያንጓለለች፣ "ጆሮዬ አልሠለጠነም።"